የንጉሠ ነገሥቱ ሕመምና የአንገት ደም ሥር

በሐረር ከተማ፥ በጀጎል ግንብ ውስጥ የሚገኘው ፈረስ መጋላ፥ ስሙ ራሱ እንደሚያስረዳው ቀድሞ ፈረስ የሚሸጥበት ገበያ ነበረ። ዛሬ በአደባባዩ ላይ የፈረስ ገበያ የለም፤ በፈረሱ ፈንታ ባጃጅና ታክሲ ተሳፋሪ ይጠብቅበታል። ከዚያ ወደ ግድር መጋላ የሚወርደው ጠባብ መንገድ፥ በግራና በቀኝ ከተቀመጡት የልብስ ሰፊዎች መኪና ድምፅ የተነሣ መኪና ግርግር ተብሎ ይጠራል። ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን አደባባይ ሲያነሡ ግብፆች ከተማዪቱን ይዘው ስለ ቈዩበት ዘመን፥ ታኅሣሥ 29 ቀን 1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ስለ ተደረገው ጦርነት፥ ከዚያም በኋላ በመስጊዱ ቦታ ስለ ተሠራው ስለ መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ይጽፋሉ።

እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ከዚህ ታሪክ ጋር አብሮ ሲነገር እምብዛም የማይሰማውን ነው፤ ይኸውም በዚህች ከተማ የተጀመረው የዘመናዊ ሕክምና ሥራ ከዳግማዊ አፄ ምኒልክ የመጨረሻ ሕመም ጋር እንዴት እንደ ተገናኘ፥ በዚያን ጊዜ የዓለም ሐኪሞች ሁሉ እጃቸውን አጣጥፈው ይመለከቱት የነበረውም ሕመም ዛሬ በጊዜ ከተደረሰበት የተዘጋውን ደም ሥር በመክፈት ሊታከም የቻለው በምን ያህል ድካም እንደ ሆነ ነው። ሕመሙን የዛሬ ሰው ስትሮክ ይለዋል። አባቶቻችን ሽባ ሆነ፥ ልክፍት ያዘው፥ አጋንንት መታው ይሉ ነበር። የአገራችንን ነገር በአገራችን ዘመን አቈጣጠር፥ የውጭ አገሩን ደግሞ በአውሮፓውያን አቈጣጠር (እ.ኤ.አ.) እንጽፋለን።

ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ ሐረርን እንዲገዙ የተሾሙት ራስ መኰንን ወልደ ሚካኤል፥ በ1881 ዓ.ም. ወደ ኢጣልያ፥ በ1894 ዓ.ም. ደግሞ ለንጉሥ ኤድዋርድ 7ኛ የዘውድ በዓል ወደ ሎንዶን የተላኩ፥ የውጭውን አገር አሠራር በዓይናቸው ያዩ ሰው ነበሩ። ሐረርም የባሕር መንገድ በር ስለ ነበረች፥ ነጋዴውም መልእክተኛውም ሐኪሙም ወደ መካከለኛው አገር የሚያልፈው በእርስዋ ነበር። ከአድዋ ድል በኋላ በ1888 ዓ.ም. ቍስለኞችን ለመርዳት የመጣው የሩሲያ ቀይ መስቀል ጓድ እንኳ ወደ አዲስ አበባ የወጣው በሐረር አድርጎ ነው። ራስ መኰንንም በ1890ዎቹ ዓ.ም. ውስጥ በግዛታቸው ከተማ ሐኪም ቤት አቋቋሙ። በዚያ ሐኪም ቤት የሠሩት ሐኪም ጆሴፍ ቪታልየን ይባላሉ። እኒህ ሰው የፈረንሳይ ዜጋ ይሁኑ እንጂ የተወለዱት ጓዴሉፕ በምትባለው የካሪብ ባሕር ደሴት ነው፤ አባቶቻቸውም ከአፍሪካ ምድር ተግዘው የተወሰዱ ጥቍር ሰዎች ነበሩ። ከዚያ ወገን የተወለደ ሐኪም፥ ነጻነትዋን በጦር ሜዳ ወዳስከበረች አፍሪካዊት አገር ለሥራ መምጣቱ ለእኛ እንደ ተራ ነገር የሚታለፍ አይመስለንም።

ዶክተር ቪታልየን በሐረር ከሕክምናው ሥራ ሌላ አንድ ሥራ ተጨምሮላቸው ነበር። ራስ መኰንን ልጃቸውን ተፈሪን የፈረንሳይኛ ቋንቋ እንዲያስተምሩላቸው ጠየቋቸው፤ ከአባ ሳሙኤል ጋርም ሆነው አስተማሩ። ይህን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» በተባለው መጽሐፋቸው ጽፈውታል። ራስ መኰንን መጋቢት 13 ቀን 1898 ዓ.ም. ቍልቢ ላይ ዐረፉ። ዶክተር ቪታልየን ደግሞ ከሐረር ወደ አዲስ አበባ ተሻግረው የንጉሠ ነገሥቱ ሐኪም ሆኑ። በቤተ መንግሥት የነበራቸው መታመን ምን ያህል እንደ ነበረ ለማወቅ፥ በጥር 1900 ዓ.ም. የምድር ባቡሩን ሐዲድ ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ ለማድረስ የተሰጠው ፈቃድ የተጻፈው በእርሳቸው ስም መሆኑን መመልከት ይበቃል። ለሐኪም የባቡር ውል ሲሰጥ ማየት የሚያስደንቅ ነው። ሆኖም ባቡሩ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ በዚያን ጊዜ ታማሚው ንጉሠ ነገሥት ካረፉ ዓመታት ዐልፈዋል።

አሁን ወደ ሕመሙ እንመለስ። የዳግማዊ ምኒልክ ጤና መታወክ የጀመረው ራስ መኰንን በሞቱበት በ1898 ዓ.ም. ገደማ ነው። የመጀመሪያው ምት ቀላል ነበረ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ተመልሰው ሥራቸውን ያዙ። በጥቅምት 1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን መሾማቸው አገሪቱን በአዲስ ሥርዐት ለማስተዳደር ካላቸው አሳብ የመጣ ቢሆንም፥ የጤናቸው ነገር ሳያሳስባቸው አልቀረም ብለው የሚጽፉ የታሪክ ሰዎች አሉ፤ እኛም ግምቱን ከእውነት የራቀ አናደርገውም። ከዚያ በኋላ ሕመሙ እየተመላለሰ ከበደ። ጠበልም ተሞከረ፥ የውጭ አገር መድኃኒትም ተሞከረ። በግንቦት 1901 ዓ.ም. የልጅ ልጃቸው ልጅ ኢያሱ አልጋ ወራሽ መሆናቸው ታወጀ። በጥቅምት 1902 ዓ.ም. ግን ከቀድሞው ሁሉ የበረታው ምት መጣ፤ አካላቸው ሰለለ፥ አንደበታቸውም ተያዘ። ከዚህ ቀን አንሥቶ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ አራት ዓመት ከሁለት ወር ያህል በአልጋ ላይ ቈዩ።

አንባቢ ሆይ፥ እነዚህን አራት ዓመታት እንደ አንድ ሰው ሕመም ብቻ አድርገህ አትቍጠራቸው። ንጉሠ ነገሥቱ በሕይወት አሉ፤ ነገር ግን አይናገሩም። በሕይወት ስላሉ ሌላ ንጉሥ ሊነግሥ አይችልም፤ ስለማይናገሩም ትእዛዝ ከአፋቸው አይወጣም። እቴጌ ጣይቱ ሥልጣኑን በእጃቸው አድርገው ሹም ሽር ጀመሩ፤ መኳንንቱ በመጋቢት 1902 ዓ.ም. ተባብረው ከመንግሥት ሥራ አገለሏቸው። እንደራሴ የሆኑት ራስ ተሰማ ናደውም በሚያዝያ 1903 ዓ.ም. ሞቱ። የመኳንንቱ ፉክክር፥ የሌጋሲዮኖቹ ሽኵቻ፥ የልጅ ኢያሱ ልጅነት፥ በ1909 ዓ.ም. የሆነው ሁሉ፥ ሥሩ ሲመረመር ወደዚያች የጥቅምት ቀን ይመለሳል። ለሐረርም ነገሩ ሩቅ አልነበረም፤ ደጃዝማች ተፈሪ መኰንን የአባታቸውን ግዛት የተሾሙት በዚያው በ1902 ዓ.ም. ነው።

ሐኪሞቹስ ምን አደረጉ? በ1901 ዓ.ም. ግድም ዶክተር ቪታልየን ከቤተ መንግሥት ተገፍተው በእርሳቸው ፈንታ ሽታይንኩለር የሚባል የጀርመን ሐኪም ገባ። ይህም ሐኪም ከጥቂት ጊዜ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ መርዝ ይሰጣቸዋል ብሎ ተናገረ። ነገሩ በቤተ መንግሥትና በሌጋሲዮኖች መካከል ብዙ ጭቅጭቅ አስነሥቶ ያለ ማስረጃ ቀረ። በእኛ አስተያየት ይህ ክስ ከሐኪሙ ጠባይ ይልቅ የዘመኑን የሕክምና ድኽነት ያሳያል። ምክንያቱ በዓይን የማይታይ ሕመም ሲገጥም መርዝ ለሰው አሳብ ቅርብ ነው፤ በመንደር ቡዳ እንደሚባለው በቤተ መንግሥትም መርዝ ይባላል። የሞቱም ዜና ለብዙ ጊዜ ለሕዝብ ሳይገለጥ ተደብቆ ቈየ።

ይህን ሁሉ ኋላ ቀርነት ነው ብሎ የሚያፍር ወጣት ተማሪ ቢኖር፥ ዐሥር ዓመት ብቻ ወደ ፊት አሻግሮ አሜሪካን ይመልከት። ፕሬዚዳንት ውድሮው ዊልሰን እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1919 ስትሮክ መትቷቸው ግራ ጎናቸው ሰለለ። ሚስታቸው ወይዘሮ ኢዲት የሕመሙን ብርታት ከሕዝቡና ከሹማምቱ ደብቀው፥ የሚገባውንና የሚወጣውን ወረቀት ራሳቸው እየመረጡ ወራት አሳለፉ። በሩሲያ ደግሞ ሌኒን ከ1922 ጀምሮ በተደጋጋሚ ተመትተው፥ በመጨረሻ አንደበታቸው ተዘግቶ በጥር 1924 ሞቱ። ሬሳቸው ሲመረመር ወደ አንጐል የሚሄዱት ደም ሥሮች ኖራ እንደ ጠጣ ነገር ደርቀው፥ አንዳንዶቹም ጨርሰው ለመዘጋት ተቃርበው ተገኙ። ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን፥ ከዋሽንግተን እስከ ሞስኮ፥ በዚያ ዘመን ለዚህ ሕመም የነበረው መድኃኒት አንድ ነበር፤ እርሱም ማረፍ፥ ሆድ ማስጠረግ፥ አንዳንዴም ደም ማውጣት ነው።

እዚህ ላይ ሕመሙ ራሱ ምን እንደ ሆነ ጥቂት ማብራራት ይገባናል። የሰው አንጐል ከሰውነቱ ክብደት ከመቶ 2 እጅ ያህል ቢሆን ነው፤ ነገር ግን ልብ ከምትረጨው ደም ከመቶ 15 የሚሆነውን ለብቻው ይወስዳል። ይህን ደም የሚያደርሱት አራት ደም ቅዳ ቧንቧዎች ናቸው። ሁለቱ በአንገት አጥንት ውስጥ በኋላ በኩል ያልፋሉ፤ ሁለቱ ትላልቆቹ ግን በጕሮሮ ግራና ቀኝ ይወጣሉ። ከመንጋጋ በታች ጣትን አስጠግቶ የሚመታውን መስማት ይቻላል። እነዚህን ሁለቱን ሐኪሞች ካሮቲድ ይሏቸዋል፤ ቃሉ ከግሪክ የመጣ ሆኖ መደንዘዝን ወይም ከባድ እንቅልፍን ያመለክታል፤ የጥንት ሰዎች እነዚህ ደም ሥሮች ሲጫኗቸው ሰው ራሱን እንደሚስት ያውቁ ነበርና። ኢብን ሲና፥ እ.ኤ.አ. በ1037 የሞተው ታላቅ ሐኪም፥ ሕመሙን በዐረብኛ ሰክታ ብሎ ጽፎታል፤ ትርጓሜውም ዝም ማለት፥ መቋረጥ ነው። ለዐረብኛ ትምህርት የቈየ ስም ላላት ለሐረር ይህ ቃል እንግዳ አይደለም። አንደበቱ ለተያዘ ሰው ከዚህ የተሻለ ስም ማውጣት አስቸጋሪ ይመስለናል።

እ.ኤ.አ. በ1658 ዮሐን ያኮብ ቬፕፈር የተባለ የስዊስ አገር ሐኪም በዚህ ሕመም የሞቱትን ሰዎች ራስ ከፍቶ ሲመረምር፥ በአንዳንዶቹ አንጐል ውስጥ ደም ፈሶ አገኘ፤ ሕመሙ ከደም ሥሮች መዘጋትም ሊመጣ እንደሚችል ጻፈ። ሁለቱ የስትሮክ ዓይነቶች ከዚያ ጀምሮ ተለይተው ታወቁ፤ አንደኛው ደም ሥር ፈንድቶ ደም ሲፈስ፥ ሁለተኛው ደም ሥር ተደፍኖ ደም ሲያጥር ነው። ከስድስት ዓመት በኋላ እንግሊዛዊው ቶማስ ዊሊስ ከአንጐል ሥር ያሉት ደም ሥሮች እንደ ቀለበት ተያይዘው መኖራቸውን በደንብ ገለጠ፤ የአንገቱ ቧንቧ ጨርሶ ተዘግቶ ሳለ ምንም ሳይሆን የኖረ ሰውም እንዳለ ጻፈ። አንዱ ቧንቧ ሲዘጋ ደሙ በቀለበቱ ዞሮ ሊደርስ ይችላልና። ለዚህ ነው ከሁለት ሰዎች አንዱ በዚያው መዘጋት ሲሞት ሌላው በእግሩ የሚሄደው። በ19ኛው ምእት ዓመት አጋማሽ ጀርመናዊው ሩዶልፍ ፊርኾ ደም በአንድ ቦታ ረግቶ፥ ተቈርጦ፥ በደም መንገድ ተጕዞ ሩቅ ያለውን ቧንቧ እንደሚደፍን አስረዳ።

እንግዲህ በ1902 ዓ.ም. የሕመሙ ጠባይ በመጽሐፍ ይታወቅ ነበር ማለት ነው። የማይታወቀው፥ በአልጋ ላይ የተኛው ታማሚ ከሁለቱ የትኛው እንደ ሆነበት ነው። ይህን በሕይወት ባለ ሰው ለይቶ የሚያሳይ መሣሪያ በዓለም ላይ አልነበረም። ልዩነቱ ደግሞ የሞትና የሕይወት ነው፤ የረጋውን ደም የሚያቀልጥ መድኃኒት ደም ለሚፈስሰው ሰው መርዝ ነውና።

መንገዱ የተከፈተው ቀስ በቀስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1927 ኤጋስ ሞኒዝ የተባለ የፖርቱጋል ሐኪም በሊዝበን፥ በአንገት ደም ሥር ውስጥ ቀለም ያለው ፈሳሽ ጨምሮ በኤክስሬይ በማንሣት የአንጐልን ደም ሥሮች በሕይወት ባለ ሰው ለማየት ቻለ። በ1951 ካናዳዊው ሚለር ፊሸር በብዙ ሰዎች ላይ የአንጐሉ ጕዳት መነሻ ከራስ ውስጥ ሳይሆን ከአንገት እንደ ሆነ፥ ይኸውም ካሮቲድ በሁለት በሚከፈልበት ስፍራ ስብና ኖራ መሰል ነገር ተከማችቶ ቧንቧውን እንደሚያጠብብ፥ በላዩም ደም እንደሚረጋበት አስተማረ። አንድ ቀን የቀዶ ሕክምና ሰዎች ለዚህ ነገር መላ ያገኙለታል ብሎ ተስፋውን ጽፎ ነበር። ተስፋውም አልዘገየም። በ1953 ማይክል ደቤኪ በሂዩስተን የአንገቱን ቧንቧ ከፍቶ ጠረገው፤ በ1954 ደግሞ ኢስትኮትና ባልደረቦቹ በሎንዶን የታመመውን ክፍል ቈርጠው አውጥተው ቧንቧውን መልሰው ቀጠሉት። ሆኖም ይህ ቀዶ ሕክምና ገና ያልመጣውን ምት ለመከላከል የሚደረግ እንጂ፥ ዛሬ ጧት አካሉ ለሰለለ ሰው የሚደርስ አልነበረም። የዳግማዊ ምኒልክ የ1898 ዓ.ም. ሕመም፥ ቀላል ሆኖ ያለፈው ያ የመጀመሪያ ምት፥ ዛሬ ቢሆን ሐኪሞች እንደ ደወል ይቈጥሩት ነበር፤ የአንገቱን ደም ሥር በምስል አይተው፥ የደም ግፊቱን ለክተው፥ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን መድኃኒት ሰጥተው ሁለተኛውን ለመከልከል ይጣደፉ ነበር።

በዚያው ዘመን በሌላ በኩል ትንሽ የሚመስል፥ ነገር ግን ትልቅ ፍሬ ያፈራ ነገር ተሠራ። በ1953 ስዊድናዊው ሴልዲንገር ያለ ቢላዋ በመርፌ ቀዳዳ ብቻ ቀጭን ቱቦ ወደ ደም ሥር የማስገባትን ብልኀት አገኘ። በ1963 አሜሪካዊው ቶማስ ፎጋርቲ፥ ጫፉ እንደ ፊኛ የሚነፋ ቱቦ ሠርቶ በእግርና በእጅ ደም ሥር የረጋውን ደም ጎትቶ ለማውጣት ቻለ። ከእግር እስከ አንጐል ያለው መንገድ ግን ሌላ ሠላሳና አርባ ዓመት ጠየቀ፤ የአንጐል ደም ሥር ግድግዳው ስስ፥ መንገዱም ጠመዝማዛ ነውና። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የእንግሊዙ መሐንዲስ ሃውንስፊልድ ሲቲ ስካንን ሲሠራ፥ የፈሰሰ ደምና የተዘጋ ደም ሥር በደቂቃዎች ውስጥ የሚለዩበት ጊዜ መጣ። ቬፕፈር በሬሳ ላይ ያየውን ሐኪሞች በሕይወት ባለው ሰው ላይ አዩት። እኛ ከመሣሪያዎቹ ሁሉ ለዚህኛው የበለጠ ክብር እንሰጣለን፤ ያለ እርሱ ቀጥሎ የመጣው ሁሉ ባልተደፈረ ነበርና።

በ1995 የረጋን ደም የሚያቀልጠው መድኃኒት ሕመሙ ከጀመረ በሦስት ሰዓት ውስጥ ቢሰጥ እንደሚረዳ በአሜሪካ በተደረገ ጥናት ተረጋገጠ፤ በ2008 ጊዜው ወደ አራት ሰዓት ተኩል ሰፋ። መድኃኒቱ ትንንሹን ደም ሥር ይከፍታል፤ ትልቁ ቧንቧ፥ በተለይም ካሮቲድ ሲዘጋ ግን የረጋው ደም ረዥምና ወፍራም ስለሚሆን ብዙ ጊዜ አቅም ያጥረዋል። ስለዚህ ሐኪሞች ወደ ቱቦው ተመለሱ። በ2004 እንደ ቡሽ መንቀያ የተጠመዘዘ ሽቦ በአሜሪካ ተፈቀደ። በ2008 በጀርመን አገር፥ ላበጠ ደም ሥር ድጋፍ እንዲሆን የተሠራ የብረት መረብ የረጋውን ደም አጥምዶ ሲያወጣ ታየ። ለአንዱ የተሠራ መሣሪያ ለሌላው መድኃኒት ሆነ። ቀጥሎ ግን በ2013 ሦስት ጥናቶች በአንድ ጊዜ ወጥተው፥ ይህ ሥራ ከመድኃኒቱ የሚበልጥ ጥቅም አላሳየም አሉ። ብዙ ሰው ተስፋ ቈረጠ። ጥናቶቹ ሲመረመሩ ግን በአብዛኛው አሮጌውን መሣሪያ የተጠቀሙ፥ አንዳንዶቹም የትልቁ ደም ሥር መዘጋት አስቀድሞ በምስል ያልተረጋገጠላቸውን ሰዎች የጨመሩ፥ ሥራውንም ዘግይተው የጀመሩ ሆነው ተገኙ።

ያላመኑት የሆላንድ ሐኪሞች 500 ሕመምተኞችን በሁለት ከፍለው መረመሩ። በ2015 መጀመሪያ በታተመው ውጤት፥ የረጋው ደም በመሣሪያ ከወጣላቸው ሰዎች ከመቶ 32.6 ያህሉ ከሦስት ወር በኋላ ራሳቸውን ችለው ሲገኙ፥ በተለመደው ሕክምና ከቈዩት ግን 19.1 ብቻ ነበሩ። በዚያው ዓመት አራት ሌሎች ጥናቶች ተከታትለው መሰከሩ። የአምስቱ ጥናት ሰዎች፥ ቍጥራቸው 1,287፥ በአንድነት ሲታሰቡ፥ ከ2.6 ታካሚ አንዱ የአካል ጕዳቱ እንደሚቀልለት ታወቀ። በሕክምና ታሪክ እንዲህ ያለ ቍጥር ጥቂት ነው። በ2018 ደግሞ አንጐላቸው በምስል ታይቶ ገና የሚድን ክፍል ያላቸው ሰዎች፥ እስከ 24 ሰዓት እንኳ ቢዘገዩ ሊጠቀሙ እንደሚችሉ ተገለጠ።

ሥራው እንዲህ ነው። ሐኪሙ በብሽሽት ወይም በእጅ አንጓ ባለው ደም ቅዳ ቀጭን ቱቦ ያስገባል፤ በኤክስሬይ ምስል እየተመራ በልብ አጠገብ ካለው ከትልቁ ግንድ አሳልፎ ወደ አንገት ያወጣዋል። በቱቦው ውስጥ ከፀጕር ጥቂት የሚወፍር ሽቦና ሌላ ቀጭን ቱቦ አልፎ የረጋውን ደም ይበሳል፤ መረቡ እዚያ ይከፈታል፥ ጥቂት ደቂቃ ይቈያል፥ ከዚያም የረጋውን ደም ይዞ ይወጣል፤ ወይም በሰፊ ቱቦ ይመጠጣል። መንገዱ ነጻ ሲሆን አንዳንድ ሰው ገና ከጠረጴዛው ሳይወርድ እጁን ያነሣል። የአንገቱ ቧንቧ ራሱ ሲዘጋ ግን ሥራው እጥፍ ይሆናል። ከእነዚህ ሕመምተኞች ከመቶው ከ10 እስከ 20 የሚሆኑት አንገታቸውም አንጐላቸውም ባንድ ጊዜ ይዘጋባቸዋል። በሩ ተቈልፎ ወደ ጓዳ መግባት እንደማይቻል ሁሉ፥ ሐኪሙ የአንገቱን በፊኛ ሳይከፍት ወደ ላይ ለማለፍ ይቸገራል። ከከፈተው በኋላ እንዳይዘጋ ስቴንት የሚባለውን የብረት ድጋፍ ቢያኖርበት፥ ስቴንቱ ደም እንዳይረጋበት መድኃኒት ይፈልጋል፤ ይህ መድኃኒት ደግሞ ገና በተጐዳው አንጐል ውስጥ ደም ሊያፈስስ ይችላል። አስቀድሞ ላዩን ነው ወይስ ታቹን፥ ስቴንቱ ዛሬ ነው ወይስ ከሳምንት በኋላ፥ በሚለው ላይ ታላላቅ ሐኪሞች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ።

የዚህ ሁሉ ዋጋ የሚመዘነው በሰዓት ነው። በ2006 በአሜሪካ የወጣ አንድ ስሌት፥ ትልቅ ደም ሥር በተዘጋ ጊዜ በየደቂቃው 1.9 ሚሊዮን የአንጐል ሕዋሳት እንደሚሞቱ ገመተ። በቤተ መንግሥት የተኛው ታማሚ የሕመሙ ሰዓት ምስጢር ነበረ፤ የዛሬ ሐኪም ግን ከስምና ከዕድሜ ቀጥሎ የሚጠይቀው፥ ሰውየው በመጨረሻ ደኅና ሆኖ የታየው በስንት ሰዓት ነው የሚለውን ነው። ማታ ደኅና ተኝቶ ጧት ሽባ ሆኖ የተገኘ ሰው ሰዓቱ የሚቈጠረው ከመኝታው ጀምሮ ነው።

አሁን በዚህ ሰዓት መስፈሪያ ሐረርን እንለካ። በጀጎል ውስጥ ካሉት ቤቶች ብዙዎቹ መኪና በማያስገባ ጠባብ መንገድ ላይ ናቸው። የሚታመመው ሰው በአልጋ ወይም በሰው ትከሻ ወደ መኪና መንገድ መውጣት አለበት፤ የመካከለኛው ከተማ ሰው የሚወጣው ወደ ፈረስ መጋላ ነው። ከፈረስ መጋላ እስከ ሕይወት ፋና ሆስፒታል፥ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ እስከ ሆነው፥ ለመኪና ሩቅ አይደለም። ከሐረር እስከ አዲስ አበባ ግን በየብስ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በመኪና ቀን ሙሉ ያስኬዳል። የአየር ጣቢያው ያለው ድሬዳዋ ነው፤ ቍልቍለቱ ብቻ ወደ አንድ ሰዓት ይወስዳል። በራስ መኰንን ዘመን ይህ ጕዞ በቅሎ ለሚጭን ነጋዴ ሳምንታት ነበረ፤ ለደም ሥሩ የተዘጋ ሰው ግን የዛሬውም ቀን እንደዚያው ሳምንት ነው።

ስለዚህ መረቡንና ፊኛውን የያዘ ሐኪም በአንድ ከተማ ብቻ ቢገኝ ለሐረር ሰው የዜና ያህል ይሆናል እንጂ ሕክምና አይሆንም። ይህን ስንል ግን ነገሩ ሁሉ በመሣሪያው ላይ ተንጠልጥሏል ማለታችን አይደለም። በአገራችን ደም ሥርን ከሚያበላሹት ዋነኛው የደም ግፊት ነው፤ ከዚያም የስኳር በሽታ፥ ትምባሆ፥ በልጅነት ከጕሮሮ ሕመም ተነሥቶ የልብን በር የሚያበላሸውም በሽታ አለበት። የደም ግፊትን መለካት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ምቱ ከመጣ ደግሞ ምልክቱን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያሻም፤ ፊት በአንድ ወገን ይጣመማል፥ ሁለት እጆች ሲነሡ አንዱ ይወድቃል፥ ንግግር ይተሳሰራል። ከእነዚህ አንዱ እንኳ ከታየ፥ ምንም ነገር በአፉ ሳይሰጡ፥ አስፒሪንም ቢሆን፥ የፈሰሰ ደም ይሁን የተዘጋ ገና አልተለየምና፥ ታማሚውን ወደ ሆስፒታል ማድረስ ይገባል። አብሮ የሚሄደውም ሰው ሁለት ነገር ይያዝ፤ ታማሚው ይወስደው የነበረውን መድኃኒት ከነመያዣው፥ ደኅና ሆኖ የታየበትንም ሰዓት በወረቀት ጽፎ።